ልጆቹን ከመመዝገባችሁ በፊት አስተማሪዎቹን አሠልጥኑ

ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ግንቦት ሲጋመስ የክረምት ማስታወቂያ ይጀምራል። በቴሌግራም ነው፣ በቲክቶክ ነው፣ የትምህርት ቤት አጥር ላይ በተሰቀለ ባነር ነው። ሮቦቲክስ፣ ኮዲንግ፣ ድሮን፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ፣ ሁሉም ለልጆች። ጠዋት ገብተው ከሰዓት በኋላ ይወጣሉ፣ ምሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬት አለ። ደስ ይላል። ክረምቱን ሙሉ ስልክ ላይ ተደፍቶ ከሚውል ልጅ ሽቦ ሲያገጣጥም የሚውል ልጅ እንደሚሻል የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ እነዚህ ፕሮግራሞች በየክፍለ ከተማው፣ በየከተማው እንዲበዙ ነው የምፈልገው።

ግን ልጆቹን የሚያስተምራቸው ማን ነው? ማስታወቂያው ላይ የሮቦቱ ፎቶ አለ፣ የላፕቶፑ ፎቶ አለ፣ ዋጋው አለ፣ ስልክ ቁጥሩ አለ። ስለ አስተማሪው አንድ መስመር የለም።

መልሱን ውስጡን የምናውቅ ሰዎች እናውቀዋለን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ለክረምት ቤታቸው የገቡ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች፣ ወይም ገና ተመርቀው ሥራ እስኪያገኙ የሚጠብቁ፣ የ19፣ የ20፣ የ21 ዓመት ልጆች። ጎበዞች ናቸው። ኮድ ይጽፋሉ፣ አርዱይኖ የሚባለውን ሮቦት መሥሪያ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ያውቃሉ፣ ለልጆች ትዕግሥት ያላቸውም ብዙ ናቸው። የሚጎድላቸው ነገር ሠላሳ ልጅ ፊት ከመቆማቸው በፊት "ልጅ እንዲህ ነው የሚማረው፣ እስቲ ሞክረው፣ እኔ ልይህ" ያላቸው ሰው ነው። ዓርብ ይመለመላሉ፣ ቲሸርት ይሰጣቸዋል፣ ስላይዱ በቴሌግራም ይላክላቸዋል፣ ሰኞ ጠዋት ክፍል ይገባሉ። በዚህ ደብዳቤ የምለው አንድ ነገር ነው። ለክረምት ስቴም የሚሰበሰበው ገንዘብ መጀመሪያ መዋል ያለበት እነዚህን ወጣቶች ለማሠልጠን ነው። ኪቱ፣ ሞተርና ሽቦ የያዘው የመሣሪያ ካርቶን፣ ይደርሳል።

ስቴም ስንል እንግዲህ ሳይንስን፣ ቴክኖሎጂን፣ ምህንድስናንና ሒሳብን አገናኝቶ በእጅ እየሠሩ መማር ማለታችን ነው። በእጅ የሚለው ላይ ልብ ይባልልኝ።

ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ የፕሮግራሙን ስም አልጠራም። አንዲት የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ከ10 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት እያሳየች ነበር። ትንሽ ስቶቭ፣ ብረት ድስት፣ ቴርሞሜትር። ሰሌዳው ላይ አስቀድማ "ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል" ብላ ጽፋለች። ውሃው ተንተከተከ። ፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ቴርሞሜትሩን አነበበና "ቲቸር፣ 92 ነው የሚለው" አለ። እሷም ቀረብ ብላ አየችው። ትንሽ ጠበቁ። እንፋሎቱ ክፍሉን ሞላው፣ ቁጥሩ ግን ከ92 ንቅንቅ አልል አለ። "ቴርሞሜትሩ ልክ አይደለም፣ እናንተ 100 ብላችሁ ጻፉ" አለቻቸው። ጻፉ።

ቴርሞሜትሩ ልክ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። አዳማ ቢወርዱ 94 ገደማ ይሆናል፣ ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ደግሞ 100። "92 የሆነው ለምን ይመስላችኋል?" ብላ ብትጠይቃቸው ኖሮ ያ ክፍል ምን ይሆን እንደነበር አስቡት። አንዱ ስቶቩ ደካማ ነው ይላል፣ ሌላው ውሃው ቆሻሻ ነው ይላል፣ ሌላዋ እውነትም ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ትላለች፣ ከዚያ እያንዳንዱን ግምት እንዴት እንፈትሸው ይባላል፣ ሌላ ቴርሞሜትር ይመጣል፣ ውሃ ይቀየራል፣ በመጨረሻ እናት ቤት ውስጥ ባቄላና ሽምብራ ስትቀቅል ለምን ያን ያህል እንደሚቆይ፣ ፕሬዠር ኩከር ለምን እንደሚያፋጥነው ይደረሳል። ሳይንስ ማለት ይኸው ነው። ልጆቹ በዚያች ጠዋት የተማሩት ግን ዓይናቸው ያየው ከተጻፈው ጋር ከተጋጨ ዓይናቸውን መተው እንዳለባቸው ነው። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ልጅቷ ላይ ጥፋት አላይም። ግፊትና የመፍያ ነጥብ እንዴት እንደሚገናኙ ተምራዋለች፣ ቀመሩን ጻፊ ቢሏት ሳታመነታ ትጽፈዋለች። ያልጠበቀችው ነገር ሠላሳ ልጅ እያያት ፊቷ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ ግን ማንም አላለማመዳትም። "አላውቅም፣ አብረን እንይ" ማለት ለአስተማሪ ነውር እንዳልሆነ የነገራት የለም። ይህን መናገር ልምምድ ይፈልጋል። ለእኛ ለቆየነውም ቀላል አይደለም፣ ለ20 ዓመት ልጅማ እንዴት ይቀላል።

ደግሞ ሰው የሚያስተምረው በተማረበት መንገድ ነው። እነዚህ ወጣቶች አብዛኞቹ ቤተ ሙከራ የሚባለውን በር ተቆልፎ ከውጭ እያዩ ያደጉ ናቸው። መምህሩ ይጽፋል፣ እነሱ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ይመጣል። ውጤቱን አብረን አይተነዋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። በክረምት ልጆቻችንን የምንሰጣቸው ወጣቶች ከዚያ ወንፊት ያለፉት ናቸው፣ ጉብዝናቸው አያጠራጥርም። ግን ያለፉት ገልብጠው፣ ሸምድደው፣ በራሳቸው ጥረት ነው። ሌላ ዓይነት ክፍል ካላሳየናቸው የሚያውቁትን ይደግማሉ። ልጁ ከሐምሌ በፊት አሥር ወር ሙሉ የጠገበውን ያንኑ ክፍል፣ አሁን በፕሮጀክተር።

በፕሮጀክተር ስል መብራት ትዝ አለኝ። መብራት ጠፍቶ ስላይዱ ሲጨልም የማስተማሪያ ሰዓቱ አብሮ የሚያልቅባቸው ክፍሎች አይቻለሁ። ሞተሩ፣ ሽቦው፣ ጎማው ያለበት ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ታሽጎ ተቀምጧል፣ ልጆቹ በመስኮት ዝናቡን ያያሉ፣ ወጣቱ አስተማሪ ስልኩን እየነካካ መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል። ካርቶኑን ለምን አትከፍተውም ስትለው "ኪቱ እንዳይበላሽ ተብለናል፣ እኔ ሠርቼ ነው የማሳያቸው" ይልሃል። ታዲያ ልጁ ለምን መጣ?

ሥልጠናው ምን ይሁን ለሚለው፣ እኔና ጥቂት የሙያ ጓደኞቼ ባለፉት ክረምቶች ስንሞክረው የቆየነው አለ። ገንዘብ የሚፈጅ አይደለም።

መጀመሪያ ወጣቶቹን ራሳቸውን ተማሪ እናደርጋቸዋለን። ለእያንዳንዳቸው አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ቁራጭ ሽቦና አንድ ትንሽ የድሮውን ዓይነት የእጅ ባትሪ አምፑል እንሰጣለን። አብራው፣ በቃ። ኤልኢዲ አይሆንም፣ አንድ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፣ ኤልኢዲ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች ሳይቀሩ እዚህች ላይ ይቸገራሉ። አምፑሉን ድንጋዩ ላይ ያቆሙታል፣ ሽቦውን ከድንጋዩ ጫፍ ወደ ጫፍ ያገናኙታል፣ ሽቦው ይግላል፣ አምፑሉ ዝም። ከዚያ አንዱ አምፑሉን አገላብጦ ማየት ይጀምራል። አምፑሉ ሁለት መንኪያ እንዳለው ያስተውላል፣ አንዱ ከታች ያለው ነጥብ፣ ሌላው በጎን ያለው ብረት። ነጥቡን ድንጋዩ ጫፍ ላይ አስቀምጦ ሽቦውን ከድንጋዩ ቂጥ ወደ ብረቱ ጎን ሲያመጣ ይበራል። የሚወጣውን ድምፅ ብትሰሙት! የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንደ ሕፃን ይጮኻል።

ከዚያ ቁጭ ብለን እናወራለን። ስትቸገር ምን ተሰማህ? እኔ መልሱን ቀድሜ ብነግርህ ምን ይቀርብህ ነበር? ጎረቤትህ ቀድሞ ሲያበራ ምን አደረግክ? የኤሌክትሪክ ዑደት የሚለውን ቃል ከማብራትህ በፊት ብነግርህ ይሻል ነበር ወይስ በኋላ? ይህ ወሬ ከማንኛውም የሥነ ማስተማር ገለጻ በላይ ይገባቸዋል፣ ምክንያቱም ስለ ራሳቸው ነው የሚያወሩት። ሰኞ ልጅ ፊት ሲቆሙ እጃቸው የልጁን ሽቦ ነጥቆ ለማስተካከል ሲቁነጠነጥ ያስታውሱታል።

ቀጥሎ ዝም ማለትን እናለማምዳቸዋለን። ይህ በጥናት የታወቀ ነገር ነው። ሜሪ ባድ ሮው የሚባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሳይንስ ክፍሎችን ድምፅ ቀርጸው ሲያዳምጡ፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አገኙ። አንድ ሰከንድ! ከዚያ ራሳቸው ይመልሱታል ወይ ወደ ሌላ ልጅ ይሄዳሉ። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ መጠበቅ ሲጀምሩ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩት ልጆች መናገር ጀመሩ፣ ልጆቹ ራሳቸው ጥያቄ መጠየቅ ጀመሩ። እኛ አገር ደግሞ ፈጥኖ እጁን የሚያወጣውና "ቲቸር! ቲቸር!" እያለ ጣቱን የሚያጮኸው ልጅ ክፍሉን ይዞት ይሄዳል፣ አስተማሪውም ያንን ልጅ ይዞ ክፍሉ የገባው ይመስለዋል። ሦስት ሰከንድ በልብ መቁጠር ቀላል ይመስላል። ሞክሩት፣ ይጨንቃል። ስለዚህ ነው ልምምድ የሚፈልገው።

ሦስተኛው፣ እያንዳንዱ ወጣት ሰኞ የሚያስተምረውን ትምህርት ዓርብ ጓደኞቹ ፊት ቆርሶ ያስተምራል። አሥር ደቂቃ ብቻ። ጓደኞቹ የ9 ዓመት ልጅ ሆነው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ይረብሻል፣ አንዷ ታኮርፋለች፣ አንዱ "ሽንት ቤት!" ይላል። ከዚያ ምን እንደሠራለት፣ ምን እንዳልሠራለት ይነገረዋል፣ አስተካክሎ ድጋሚ ያስተምራል። ይህ አካሄድ ማይክሮ ቲቺንግ ይባላል፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረ ነው፣ የእኛም መምህራን ኮሌጆች ያውቁታል። ድጋሚ ማስተማሩ ነው ቁም ነገሩ። ነቀፌታ ሰምቶ ቤቱ የሚሄድ ወጣት ይሸማቀቃል። ነቀፌታውን ሰምቶ ወዲያው አሻሽሎ የሚያሳይ ግን ይተማመናል።

ስለ ሴት ልጆች የግድ ልናገር። አራት ልጆች አንድ ላፕቶፕና አንድ ሮቦት ስጧቸው። አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ተመለሱ። ላፕቶፑ ወንዱ እጅ ነው፣ ካቻቢቴው ሌላው ወንድ እጅ ነው፣ ሴቷ "ጽሑፏ ያምራል" ተብላ ደብተር ይዛ ትጽፋለች። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፣ ውሃ ቁልቁል እንደሚሄደው ዝም ብሎ ይሆናል። ያልሠለጠነ አስተማሪ አያየውም፣ እንዲያውም ቡድኑ ተስማምቶ እየሠራ ነው ብሎ ይደሰታል። የሠለጠነው ግን በየሩብ ሰዓቱ ሥራ ያቀያይራል፣ ኪቦርዱን የያዘ ካቻቢቴ ይይዛል፣ ካቻቢቴ የያዘ ይጽፋል። ቤተልሔም ደሴ ሐረር ውስጥ በልጅነቷ ኮምፒውተር ነክታ አድጋ፣ በኋላ ገና ወጣት ሳለች ልጆችን ኮዲንግ የሚያስተምር ፕሮግራም መርታለች። በልጅነቷ ኪቦርዱን ነጥቀው ደብተር ቢሰጧት ኖሮ ዛሬ ስሟን እናውቀው ነበር?

ደኅንነትን በአጭሩ ልለፈው፣ ግን ያለ እሱ አንድም ፕሮግራም መከፈት የለበትም። የግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት ነው፣ ልጅ አይነካውም፣ አለቀ። የሊትየም ባትሪ አይበሳም፣ አይቀጠቀጥም። አንድ አስተማሪ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በር ዘግቶ አይቀመጥም። ልጁን የመጣ ሁሉ አይወስደውም። ወላጅ ሳይፈቅድ የልጅ ፎቶ ቲክቶክ ላይ አይወጣም። ቁንጥጫና ማንበርከክ የለም፣ "ቤቱም ይመቱታል" የሚል ምክንያትም የለም። የ20 ዓመት ወጣት ይህን ሁሉ በራሱ ያውቀዋል ብሎ መጠበቅ እሱንም አደጋ ላይ መጣል ነው።

ኪት የለንም ለሚሉት ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ወዳጆቼ ደግሞ፣ ክረምቱ ራሱ ኪት ነው። ቀጥ ያለ ጎን ያለው የሃይላንድ ፕላስቲክ ከላይ ይቆረጥ፣ የተቆረጠው አፍ ተገልብጦ እንደ ማጥለያ ይግባበት። ከሥር ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ይደረግና ጠጠሩን እስኪሸፍን ውሃ ይጨመር፣ እዚያ ላይ ዜሮ ተብሎ መስመር ይሰመር፣ ማስመሪያ በጎኑ ይለጠፍ። የዝናብ መለኪያ ሆነ። በየቀኑ ጠዋት አንብቦ መመዝገብ ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው፣ እንግዲህ የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ስንት ካሬ ሜትር ነው? ትናንት ማታ ስንት ሊትር ወረደበት? ያ ውሃ ስንት ጄሪካን ይሞላል? ይኸው ሒሳብ፣ ይኸው ምህንድስና፣ ቀበሌው ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ልጁ ቤቱ ሄዶ አባቱን የሚያስቸግርበት ጥያቄ። መብረቅ ብልጭ ሲል ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ መቁጠርም አለ፣ ሦስት ሰከንድ ለአንድ ኪሎ ሜትር። በእርግጥ ክፍል ውስጥ ሆነው፣ በር ላይ ቆመው አይደለም። በሽቦና በቆርኪ መኪና ሠርቶ ያደገ ሕዝብ ነን፣ ኪት ከቻይና እስኪመጣ የሚያስጠብቀን ነገር የለም። ይህን ሁሉ አይቶ ትምህርት የሚያደርገው ግን ዓይኑ የሠለጠነ አስተማሪ ነው፣ ለዚያ ነው ወደ ሥልጠናው የምመለሰው።

ማን ያሠልጥን? እዚህ ላይ ብዙ አዘጋጆች ሌላ ኢንጂነር ይፈልጋሉ። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ፈልጉ እላለሁ። ሃያ ዓመት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያስተማሩ አንዲት መምህርት የክፍል አያያዝን በተመለከተ ከእኔም ከማንም ኢንጂነር በላይ ያውቃሉ። ባለፈው ክረምት ጡረታ የወጡ አንድ መምህርት ጋብዘን ወጣቶቹ "እትዬ፣ ሲንጫጩ እንዴት ነው ዝም የሚያሰኟቸው?" ብለው ጠየቋቸው። እትዬ አልጮኹም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሊሰማ በማይችል ሁኔታ ማለት ይቻላል፣ መልሱን መናገር ጀመሩ። ወንበሩ ሁሉ ወደ ፊት ተጠጋ። ዝም ለማሰኘት መጮህ ሳያስፈልጋቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ወጣቶቹ ምን እንደተደረገባቸው የገባቸው ቆይተው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰዎች በየሰፈሩ አሉ፣ ቤታቸው ተቀምጠዋል፣ የሚጠይቃቸው አጥተው ነው። ሁለት ወጣት ለአንድ ልምድ ያለው መምህር ቢመደብ፣ መምህሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ ቢያይ፣ በየቀኑ ልጆቹ ሲሄዱ ሻይ እየጠጡ ግማሽ ሰዓት ቢያወሩ፣ በአንድ ክረምት ውስጥ የሚመጣው ለውጥ ትልቅ ነው።

ወጣትን አስተማሪ ማድረግ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ከመምህሩ በታች አስነጋሪ አለ፣ እሱም ገና ተማሪ ነው፣ ግን ከእሱ ኋላ ያሉትን ያለማምዳል፣ መምህሩ ደግሞ እሱን ያዩታል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው አንድ ዓመት ያገለግሉ ነበር፣ ብዙዎቹም በአስተማሪነት። ከእነሱ የተማሩ ሰዎች ዛሬም ስማቸውን ያነሳሉ። ወጣቱ እንደሚችል ታይቷል። የቅኔ ቤቱ አስነጋሪ ግን ብቻውን አልተጣለም፣ ከላዩ የሚያየው ነበረው።

ዛሬም ጥሩ መነሻ አለ። ከቢሾፍቱው የፎቃ ማዕከል ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው የተከፈቱ የስቴም ማዕከላት አሉ፣ ክረምት ላይ ተማሪዎችን የሚቀበሉም አሉ። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የተከፈተ የሳይንስ ሙዚየም አላት። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አጠገባችን ነው፣ ሥራው ራሱ መምህር ማፍራት ነው። እነዚህ ተነጋግረው ለክረምት አስተማሪዎች የአንድ ሳምንት የጋራ ሥልጠና ቢያዘጋጁ፣ ያንን ያልወሰደ ልጅ ፊት እንዳይቆም ቢደረግ፣ ከባድ ነው ብዬ አላምንም። የበጎ ፈቃድ ወጣቶችንም ያካትት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችን በነፃ የሚያስተምሩት በብዛት እነሱ ናቸውና። ክፍያ የማይከፍል ልጅ ያልሠለጠነ አስተማሪ ይበቃዋል የሚል ነገር እንዳይመጣ።

አዘጋጆች የሚሉኝን አውቃለሁ። ጊዜ የለም፣ ፈተናቸውን ጨርሰው ከግቢ የሚወጡት ልጆቹ ሊገቡ ቀናት ሲቀሩ ነው፣ አሠልጥነን ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ይዘው ይጠፋሉ ይላሉ። የጊዜው ነገር እውነት ነው። መፍትሔው ፕሮግራሙን አንድ ሳምንት ዘግይቶ መጀመር ነው፤ ስድስት ሳምንት በጭፍን ከሚሄድ አምስት ሳምንት በደንብ ቢሄድ ለልጁ ይሻለዋል። ለዚያች ሳምንት ወጣቶቹ ሊከፈላቸው ይገባል። የትራንስፖርት ብር ብቻ ሰጥቶ በነፃ ሠልጥን ማለት አግባብ አይደለም፣ ሥራ ነው። ይጠፋሉ የሚለው ግን ብዙም አያሳስበኝም። ጠፍተው የትም አይሄዱም፣ ነገ አባትና እናት ይሆናሉ፣ መሥሪያ ቤት ገብተው አዲስ ሠራተኛ ያሠለጥናሉ፣ አንዳንዱ መምህርነት ይጥመውና ይቀራል። በኢንጂነሪንግ ተመርቆ በክረምት ያስተማራቸው ልጆች ዓይን አልወጣ ብሎት ዛሬ በደስታ የሚያስተምር አንድ ወጣት አውቃለሁ። እንደ እሱ ያሉ አሥር ቢገኙ ለትምህርታችን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ወላጆች ሆይ፣ እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ሮቦቱ ስንት ነው ሳይሆን፣ አንድ አስተማሪ ስንት ልጅ ይይዛል? ስንት ቀን ሠለጠነ? ማን አሠለጠነው? ልጄ ኪቱን በእጁ ይነካል ወይስ ያያል? አንድ ጠዋት መጥቼ ከኋላ ተቀምጬ ማየት እችላለሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ አይሆንም የሚል ፕሮግራም ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ልጃችሁ ማታ ሲመጣም "ዛሬ ምን ተማርክ?" ከማለት "ዛሬ ምን ሞከርክ? ምን እምቢ አለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው ጥሩ አስተማሪ አግኝቷል።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ምዝገባው ሳይዘጋ፣ ሰኔ ሳያልቅ፣ ከእነዚህ ፕሮግራሞች አዘጋጆች ጥቂቶቹን አነጋግራችሁ አስተማሪዎቻቸውን እንዴት እንደሚመለምሉና እንደሚያሠለጥኑ ብትጽፉልን ትልቅ ውለታ ነው። በደንብ የሚሠሩም አሉ፣ የእነሱ ይውጣ፣ ሌላው ያይበታል። እኛ የምንጠቀምበትን የአምስት ቀን የሥልጠና ዝርዝርም ለጠየቀ ሁሉ በነፃ እንሰጣለን፤ የባትሪ ድንጋዩንና አምፑሉን የምንገዛበትን የመርካቶ ሱቅ ጭምር እናሳያለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር
ከአዲስ አበባ